በቀሪቦ የሰከሩ ሰዎች፦ ደሴ ላይ የምንሠራው አስቂኝ ፊልም የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስክሪፕቱን ለአራተኛ ጊዜ ከባዶ ገጽ ጀምሬ ጻፍኩት። ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ከ31 እስከ 34 የሚደርስ፣ ሲመሽ የሚገናኙና ሊነጋ ሲል የሚለያዩ የአራት ጓደኛሞች ታሪክ ነው። አንደኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል፣ ሁለተኛው ባጃጅ ይነዳል፣ ሦስተኛው በየቀኑ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ ይመለሳል፤ የአራተኛውን፣ የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ሥራ ግን እናቱም በትክክል አታውቀውም። ባጃጅ ነጂውን በሕይወቱ አልኮል ቀምሶ የማያውቅ ሰው አድርጌዋለሁ፤ ሆኖም «በቃ እንግባ» በተባለ ቁጥር ሌሎቹን ይዞ የሚያስቀረው እርሱ ነው። ጥፋቱ ሁሉ በመጠጥ እንዲሳበብ አልፈለግሁም፤ እነዚህ ሰዎች የሚጠጡት ቤታቸው ላለመግባት እንደሆነ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ መታወቅ አለበት።

ያለፉት ሦስት ረቂቆች ቀልድ ሞልቷቸው ሰዎቹን የሚገፋ ነገር ግን አልነበራቸውም። አራቱም ከፒያሳ ተነሥተው ግሮሰሪውን ሁሉ እያዳረሱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ይዘልቃሉ፣ በማግሥቱም ያንኑ ይደግማሉ፤ ለምን ዛሬ ማቆም እንዳለባቸው የሚነግራቸው የለም። በእኛ ዘንድ አንድ ወንድ ትልቅ ሰው ሆነ የሚባለው ጎጆ ሲወጣ፣ ስሙ በሰፈሩ መዝገብ ሲሰፍርና ለቅሶ ቤት ሲደርስ ወንበር ሲለቀቅለት ስለሆነ፣ የሚገፋቸውም ነገር ከዚያው አካባቢ መምጣት ነበረበት።

መፍትሔው የተገኘው ከእናቴ ጓዳ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅሬ ስብሰባ ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ልጅሽ በራሱ ስም የሚመዘገበው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ አንተ እኮ እስካሁን የምትቀበረው በእኔ ስም ነው» አለችኝ። እኔ 34 ዓመቴ ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ የቅሬ አባል የሆነ ሰው ደግሞ ጎረቤት በሞተ ቁጥር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ድንኳን መትከል፣ ካልተገኘም መቀጮ መክፈል ግዴታው ነው። ለእነዚህ አራት ሰዎች 11 ሰዓት ገና ምሽት ነው። ፊልሙ እዚያ ላይ እንደቆመ ወዲያው ገባኝ፤ የእናቴንም አነጋገር እንዳለ ቀድቼ ለዋናው ገጸ ባሕርይ እናት ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28 ቀን

የመጀመሪያውን ንባብ በመምህሩ ተዋናይ ቤት አደረግን። ከአራቱ ተዋንያን ሁለቱ በትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ያደጉ ናቸው፣ አንዱ የሠርግ መድረክ መሪ ነው፣ ባጃጅ ነጂውን የሚጫወተው ግን በእውነትም ባጃጅ ነጂ ነው።

የዛሬው ራስ ምታት ስካር ነበር። ሁሉም ሲሰክሩ ይወላገዳሉ፣ ምላሳቸው ይጎተታል፣ ዓይናቸውን ያጨነቁራሉ፤ ለአምስት ደቂቃ አስቆን ከዚያ በኋላ ሰለቸን። እውነተኛ ሰካራም ግን ጥረቱ ሁሉ ያልሰከረ መስሎ ለመታየት ስለሆነ፣ ከማንም ሰው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ቃላቱን ከዜና አንባቢ በላይ አጥርቶ ይናገራል። ስለዚህ ስክሪፕቱን አስቀምጠን አንድ መለማመጃ ሠራን። ዋናው ተዋናይ ጓጉንቸር ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ፊት ይቆማል፤ እናቱ ውስጥ ተኝታለች፤ ምንም ድምፅ ሳያሰማ መክፈት አለበት።

በመጀመሪያው ሙከራ ቁልፉን ጣለው፤ ምንም አላስቀንም። በሁለተኛው ቀስ እንዲል ነገርኩት። በሦስተኛው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመሐረብ ጠረገው፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ጥርሶቹን ቆጠረ፣ በግራ እጁ ጓጉንቸሩን እንደ ሕፃን አገጭ ደገፈው፣ አነጣጠረ፣ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ሲነካው ለበሩ በሹክሹክታ «ይቅርታ» አለው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሰባት ሰዎች ሆዳችንን ይዘን ቀረን። ያችን «ይቅርታ» እኔ አልጻፍኳትም፤ አሁን ግን በስክሪፕቱ ውስጥ ገብታለች።

መምህሩ ስለ ደሴ ስም አመጣጥ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው «ደሴ»፣ ማለትም ደስታዬ፣ አሏት እየተባለ የሚተረከውን የሚያወራበትን ንግግር አወጣሁት። ከተማው ስሙ ራሱ ደስታ ስለሆነ እኛ ምን እናድርግ የሚለው ቀልድ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሲነገር ግን መምህሩ ለቱሪስት የሚያስረዳ ይመስላል። በምትኩ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ የሚናገረውን አቆየሁ፤ ምክንያቱም እርሱ ታሪኩን የሚያነሣው ለጥቅሙ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ድሃና ሀብታም አብሮ የሚበላበት አዳራሽ ሠርተው «አይጠየፍ» ባሉበት ከተማ፣ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አንድን ደንበኛ ጃምቦ መከልከል ታሪክን መካድ ነው ብሎ ባለ ግሮሰሪዋን ይሞግታታል። ባለ ግሮሰሪዋም፣ «ንጉሡ ዱቤ አልነበራቸውም፤ አንተ አለብህ» ትለዋለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። 20 አባላት ባሉት፣ በሳምንት 2,000 ብር በሚጣልበት ዕቁብ እኔ፣ ካሜራ ባለሙያውና ኤዲተሩ አባላት ነን፤ ሦስታችንም ሌሎቹን ለምነን ዕጣችንን ቀድመን ስለወሰድን 120,000 ብር በእጃችን አለ። ተዋንያኑ የሚያገኙት ምሳ፣ ትራንስፖርትና ከሽያጩ ላይ ድርሻ ነው። ድርሻው ምናልባት ምንም ላይሆን እንደሚችል በግልጽ ነግሬ አስፈርሜያቸዋለሁ።

የቢራ ስፖንሰር እንድንፈልግ ያልመከረን ሰው የለም። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሐሳቡ ለሁሉም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስት ስለከለከለ፣ የአንድ ቢራ ስም ጎልቶ የሚታይበትን ፊልም በኋላ ለቴሌቪዥን ማቅረብ ጣጣ ያመጣብናል። ከዚህም በላይ የቢራ ገንዘብ ተቀብዬ ሰዎቹ በጠዋት የሚያስመልሱበትን ትዕይንት ማስገባት አልችልም። የጠርሙሶቹን ወረቀት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ልጠናል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ መጠጥ ስንፈትሽ ዋልን። በ11 ትዕይንቶች ውስጥ ሰዎቹ ይጠጣሉ፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ስድስትና ሰባት ጊዜ ስለሚቀረጽ እውነተኛ ቢራ ማቅረብ የማይታሰብ ነው፣ ባጃጅ ነጂውም ሆነ ሁለቱ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ብርጭቆውን እንኳ መንካት አይፈልጉም። የድምፅ ባለሙያችን እናት መፍትሔውን በአንድ ቃል ነገሩን፦ ቀሪቦ። ከተቆላ ገብስ የሚሠራው፣ በየቤቱ በዓል ሲሆን የሚቀዳው መጠጥ እያለልን ለካ ሩቅ ስንፈልግ ነበር።

የቀሪቦ ቀለም ግን ይጠቁራል፤ ካሜራ ፊት ኮካ ኮላ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ ገብሱን ቀለል አድርገው ቆልተው እንደገና ቢያዘጋጁልንም ገና ጠቆር ያለ ስለነበር፣ ሁለት እጅ ቀሪቦ ላይ አንድ እጅ አምቦ ውሃ ጨመርንበት፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ድራፍት ሆነ፣ ጋዙም ትንሽ ነፍስ ዘራበት። ቀጥሎ ያስቸገረን አረፋው ነበር። ከከፍታ ሲቀዳ ጥሩ አረፋ ይሠራል፣ ነገር ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይሞታል፤ ስለዚህ ብርጭቆው ከቅርብ የሚታይባቸውን ምቶች (ሾቶች) ሁልጊዜ አስቀድመን እንቀርጻለን፣ ንግግሩን በኋላ። በየጃምቦው ጀርባ ላይ ቀጭን የብር ላስቲክ አስረን መጠጡ የት ላይ እንደደረሰ ምልክት እናደርጋለን፤ አለዚያ ሰውየው ጠጥቶ ብርጭቆው የሚሞላበት ተአምር ይፈጠራል።

ለጠጁ ብርዝ ተጠቀምን። ብርሌ ውስጥ ሲገባ ከጠጅ የሚለየው ሰው የለም፤ ዝንብም አልለየውም። ከአምስተኛው ቴክ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከተዋንያኑ ይልቅ ዝንቦቹ ይበዙ ነበር። የሠርግ መድረክ መሪው ተዋናይ ለልምምድ ብሎ ዘጠኝ ብርሌ ብርዝ ጨርሶ በስኳር ብዛት ፍዝዝ ብሎ ተኛ። በዚህ ፊልም በእውነት የሰከረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን

ቀረጻ ተጀመረ። ግሮሰሪው ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተፈቅዶልናል፤ ስለዚህ ሌሊቱን በቀን መሥራት አለብን። መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንን፣ የበሩን ሥር ሳይቀር በጋቢ ዘጋን። በቀን የተሸፈነ ግሮሰሪ ያየ መንገደኛ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ስለሚፈልግ፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ በሩ 14 ጊዜ ተንኳኳ።

ትልቁን ኪሳራ ያደረሰው ካሜራው ነው። ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ስለሆነ በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ሻተሩም (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባው መክፈቻ) በ1/60 ሴኮንድ እንደተሞላ ቀርቶ ነበር። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎቹ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ከዚያ ጋር ስላልተጣጣመ በግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ እንደ ማዕበል ሲወጣና ሲወርድ ቀርጾታል። በትንሿ ስክሪን ላይ ሳናስተውለው ሦስት ሰዓት ሠርተናል። 25 ፍሬምና 1/50 ሴኮንድ ላይ ስናደርገው ማዕበሉ ቆመ፤ ሦስቱን ሰዓት የመለሰልን ግን የለም። ካሜራ ባለሙያችን ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን

የድምፅ ቀን። የግሮሰሪው ፍሪጅ ስለሚያጉረመርም ይጠፋል፤ ከሥራ በኋላ ሳናበራው ብንሄድ ግን የባለቤቷ ሥጋ ይበላሻል። ስለዚህ የባጃጁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ቁልፉን ሳንይዝ መሄድ ስለማንችል ፍሪጁን ሳናበራ አንወጣም። የክፍሉን ባዶ ድምፅ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ለአንድ ደቂቃ ቀዳን፤ ኤዲተሩ ንግግር ሲቆርጥ ክፍተቱን የሚደፍንበት እርሱን ነው።

አዛን ሲሰማ ቀረጻ እናቆማለን፣ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ሲጀምርም እንዲሁ። ዛሬ ማለዳ ግን አራቱ መንገድ ላይ ሳሉ ሁለቱም በአንድነት ተሰሙ፤ ተዋንያኑም ሳላዝዛቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የጃኬታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ ሰብስበው ከሚያልፉት አዛውንቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ካሜራው እየሠራ ነበር። ስለዚያ ምት ሌላ የምጨምረው የለኝም፤ እንዳለ ይገባል።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን

ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ ስለሚያወርድ፣ ደሴ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ካሜራውም እንደዚያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደሴ ላይ ሲበርድ ያደረውን ካሜራ የማሽን ቡና እንፋሎት በሞላው ሞቃት ቡና ቤት ውስጥ ከሻንጣው ስናወጣው ሌንሱ ወዲያው ላብ አወጣ። በጨርቅ ቢጠረግም ተመልሶ ይደፍናል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለን፣ እርጥበቱ በመስተዋቱ ፋንታ በከረጢቱ ላይ እንዲያርፍ እያደረግን፣ እስኪሞቅ 40 ደቂቃ ጠበቅን። ከእንግዲህ ከደሴ ስንነሣ ካሜራው በከረጢት ታስሮ ይጓዛል።

የዛሬው ትዕይንት ሦስተኛው ጓደኛ ከፋብሪካ ባልደረቦቹ ጋር ምሳ የሚበላበት ነው። ኮምቦልቻ ላይ እርሱ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ሰዎች «አንቱ» ይሉታል። ማታ ደሴ ሲመለስ የልጅነት ቅጽል ስሙ ይጠብቀዋል። ተዋናዩ በራሱ ተነሣሽነት ኮምቦልቻ ላይ ሲቀመጥ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ እያደረገ ነው የሚቀመጠው፤ ደሴ ላይ ግን ወንበሩን አዙሮ እንደ ፈረስ ይጋልበዋል።

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን

የድንኳኑ ትዕይንት የመጀመሪያ ቀን፣ የእኔም የውርደት ቀን። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ የኪራይ ድንኳን አልተገኘም፤ የሰፈራችንን ቅሬ ለመንን። የቅሬው ዳኛ ድንኳን የሚወጣው ለአባል ብቻ ነው ስላሉኝ በእናቴ ስም ተፈርሞ ወጣ።

በስክሪፕቱ መሠረት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጥሩምባ ይነፋል፣ አራቱ ከመጠጥ ቤት በቀጥታ ይመጣሉ። ድምፁን ሌላ ቦታ ቀድተን መጨመር እንደሚቻል ማንም የፊልም ሰው ያውቃል። እኔ ግን ተዋንያኑ እንዲደነግጡ ብዬ በቦታው አስነፋሁት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ከየበሩ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች፣ «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ወጡ፤ አንዲት እናት ድንኳኑን ሲያዩ ማልቀስ ጀምረው ነበር። የቅሬው ዳኛ መጥተው ካሜራውን፣ መብራቱን፣ እኔን ተራ በተራ አዩን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ፊልም ነው» አልኳቸው።

«ፊልም መሆኑን አየሁ። የሞተው ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥሩምባው ዋሸ ማለት ነው» አሉ። 300 ብር መቀጮ በእናቴ ስም ተጻፈ። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 2 ቀን

ትዕይንቱን ልንጨርስ በድጋሚ ወጣን፣ በዚህ ጊዜ ያለ ጥሩምባ። ድንኳኑን ገና ከመኪና እያወረድን ሳለ ከላይኛው ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ። እውነተኛው ነበር። ማንም ግን አልወጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ የእኛ ፊልም ነው ብሎ ተኝቷል። ጥሩምባ ነፊው ደጋግሞ ነፍቶ አንድም በር ሳይከፈት ሲቀር ሰማሁት፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ ለመጻፍ አልሞክርም።

መብራቱን አጥፍተን ለሁለት ተከፈልን። ገሚሳችን በር ለበር እየዞርን ለቅሶው የእውነት መሆኑን ተናገርን፤ አራቱ ተዋንያን ደግሞ ድንኳኑን ተሸክመው ወደ ለቅሶው ቤት ወጡ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ያለው ድንኳን እርሱ ብቻ ነው። ሟች በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ካሜራው ከሻንጣው አልወጣም። ከመጡት አባላት ጋር ሆነው ካስማ መትተው፣ ምሰሶ አቁመው፣ ጤዛ የነካውን ሸራ ወጥረው፣ አግዳሚ ደርድረው ቀብር እስኪያልቅ ድረስ እዚያው አገለገሉ። ዳኛው መቀጮውን አላነሡልንም፣ ሌላም አልጨመሩብንም።

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን

ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ነገ ይገባል፣ ረመዳንም በዚሁ ሳምንት ማብቂያ ይያዛል፤ ስለዚህ ዛሬ ካላለቀ እስከ ፋሲካ ማዶ አይሠራም። ግሮሰሪዎቹ ሁሉ ጢም ብለዋል፤ እኛ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሜዳ ላይ ድንኳን ስንተክል ነበርን።

ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመኝ። ትዕይንቱ የተጻፈው ድንኳን ነክተው ለማያውቁ አራት ሰካራሞች ነው፤ አራቱ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ተምረዋል። ገመዱን ሲይዙ እጃቸው ያውቃል። ባጃጅ ነጂው ካስማውን አጋድሞ በሦስት ምት ያስገባዋል፤ መምህሩ ቋጠሮውን ሳያይ ይቋጥራል። እንዲሳሳቱ ባዘዝኳቸው መጠን ስሕተታቸው የተሰላ ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቴኮች የልጆች ቴአትር ናቸው። በመጨረሻ ሥራቸውን አቀያየርኩ፦ ካስማ የመታው ምሰሶ እንዲይዝ፣ ምሰሶ የያዘው ሸራውን እንዲወጥር፣ ገመድ ያሰረው አግዳሚ እንዲቆጥር። ያን ጊዜ እውነተኛው ግራ መጋባት ተመለሰ። ሸራው ሦስተኛው ጓደኛ ላይ ወደቀበት፤ ከሥሩ ሆኖ በፈረቃ ኃላፊ ድምፅ መመሪያ መስጠቱን ቀጠለ። አንድ ቴክ ብቻ ነው፣ አይደገምም።

ፀሐይ መጀመሪያ የምታበራው የጦሳን ግንባር ነው፤ እኛ ያለንበት ሜዳ ገና ጨለማ ሳለ ተራራው ከኋላችን ቀልቶ ነበር። ካሜራ ባለሙያችን ያንን ብርሃን ለስድስት ደቂቃ ያህል አገኘውና ተጠቀመበት።

እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን

ኤዲቲንግ። የመጀመሪያው ቅንብር 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነበር፤ አሁን 1 ሰዓት ከ31 ላይ ደርሷል። ኤዲተሩ ስለሚጾም የምንሠራው ከአፍጥር በኋላ ነው፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ እንቆያለን፤ ከገጸ ባሕርያቱ ባላነሰ እናመሻለን ማለት ነው።

ትልቁ ክርክራችን የቁልፉ ምት ነው። ሳይቆረጥ 74 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ኤዲተሩ ሰው ይሰለቻል ብሎ 30 አደረገው። ተያይተን ሞከርነው፣ ማናችንም አልሳቅንም። ቁልፉን የሚጠርግበትና ጥርሶቹን የሚቆጥርበት ጊዜ ሲያጥር «ይቅርታ» ድንገተኛ ቀልድ ይሆናል። ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ያህል በክብር ሲለፋ ካልታየ ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። 74ቱን መለስናቸው።

ሙዚቃውን በተመለከተ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ትዝታን ነው። ወጣትነት፣ ጓደኝነት፣ ያለፈ ጊዜ፤ ቅኝቱ የተፈጠረላቸው ይመስላል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ትዝታ ሲገባ አራቱም ወዲያው ይቅር ይባላሉ፣ ተመልካቹም ከእነርሱ ጋር አብሮ ይተክዛል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ያገኙ ስለሆኑ ሁለቱንም ሞከርን፤ አምባሰል ሰዎቹን ከሚገባቸው በላይ አከበራቸው። በመጨረሻ መሲንቆ ተጫዋቹ አንቺሆዬን ፈጠን አድርጎ ሲገዘግዘው ቅኝቱ ለሰዎቹ የሚነጫነጭ ጎረቤት ሆነላቸው። እርሱ ተወሰደ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን

ለ23 ሰዎች በእናቴ ሳሎን አሳየን። ፕሮጀክተር ተውሰን ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን፤ መብራት አንድ ጊዜ ብቻ ሄደ። የሣቁበትን ደቂቃ ሁሉ ወረቀት ላይ ስመዘግብ ነበር። የቁልፉ ምት ላይ እስከ 50ኛው ሴኮንድ ድረስ ዝም አሉ፣ እኔም ኤዲተሩ ትክክል ነበር ማለት ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቀስ ብሎ ሲሥቅ ተሰማ፣ ተዋናዩ «ይቅርታ» ሲል ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የአይጠየፍ ክርክር ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል። «የምትቀበረው በእኔ ስም ነው» የሚለው ላይ ከእናቴ በቀር ሁሉም ሣቀ፤ እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። የኮምቦልቻው ምሳ ይረዝማል፣ ሁለት ደቂቃ ይወጣለታል።

የቅሬው ዳኛ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንድም ጊዜ አልሣቁም፤ ሸራው ሰውየው ላይ ሲወድቅ ብቻ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሲያበቃ አስተያየታቸውን ጠየቅኳቸው።

«መምህሩ ገመዱን ያሰረው ስሕተት ነው።»

«እንዲሳሳት ብለን ነው፣ ጋሼ። መጀመሪያ ላይ ስለማይችል ነው።»

«መጀመሪያ ላይ መሳሳቱ ጥሩ። መጨረሻ ላይ ግን ተምሯል ትላላችሁ፤ መጨረሻም ላይ ያንኑ ነው ያሰረው» አሉኝ።

ወደ ቅንብሩ ተመልሰን አየነው። እውነታቸውን ነው፤ ሥራ ባቀያየርንበት ቀን የተቀረጸውን ምት ኤዲተሩ ሳያስተውል በመጨረሻው የለቅሶ ትዕይንት ላይ ሰክቶታል። እጅና ገመድ ብቻ የሚታዩባቸው ሁለት አጫጭር ምቶች በድጋሚ መቀረጽ አለባቸው፤ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ድንኳኑን ዳግመኛ ለማውጣት ስጠይቅ በእናቴ ስም አንድ ጊዜ ተፈቅዷል፣ ከዚህ በኋላ አመልካቹ ራሱ አባል መሆን አለበት ተባልኩ። መመዝገቢያው 500 ብር ነው። ወጪው ከፊልሙ በጀት ይያዝ ወይስ ከኪሴ ይውጣ በሚለው ላይ ከኤዲተሩ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።